አንደኛ የምትወጣዋ ልጅ፦ ከማሪ ኩሪ ሕይወት የምንማረው



ስለ ልጆቻችን ትምህርት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ትምህርት የከበዳቸውን ነው። አስጠኚ የሚያስፈልጋቸውን፣ ደብተርና ዩኒፎርም የሚያጥራቸውን፣ የቤት ውስጥ ሥራ በዝቶባቸው ከክፍል የሚቀሩትን እናስባለን፤ ማሰባችንም ተገቢ ነው። በዚህ እትም ግን ስለ ሌላዋ ልጅ እናውራ፤ አንደኛ ስለምትወጣዋና ማንም ስለማይጨነቅላት ልጅ። ከ100 98 አምጥታ ሁለቱ ለምን ቀነሰ ብላ ታለቅሳለች። አንድ ፊደል ስትስት ገጹን በሙሉ ቀድዳ እንደገና ትጽፋለች። መልሱን እያወቀች፣ ምናልባት ብሳሳትስ ብላ እጇን አታወጣም። ቤተሰብ ይኮራባታል፤ ጎረቤት ለልጆቹ ምሳሌ ያደርጋታል። ደክሟት እንደሆነ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው።

የሥነ ልቦና ምሁራን እንዲህ ያለውን እንከን አልባ የመሆን ፍላጎት በሁለት ከፍለው ያዩታል። አሜሪካዊው ዶን ሃማቼክ በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ጤናማውን ከጤናማ ካልሆነው ለይቶ ካስቀመጠ ወዲህ ብዙዎች በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ጤናማው ፍላጎት ያለበት ሰው ከባድ ሥራ ላይ ደስ እያለው ይደክማል፣ ሥራው ሲሳካ ይረካል፣ ጉዳዩ ያን ያህል ጥንቃቄ በማይጠይቅበት ቦታ ደግሞ ላላ ማለት ይችላል። ሁለተኛው ግን ምንም ቢሠራ አይረካም፤ የሚነዳው በጎ ነገር ለመሥራት መጓጓት ሳይሆን የመውደቅ ፍርሃት ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የሁለቱም ደብተር ንጹሕ፣ ውጤታቸውም ከፍተኛ ነው። ልዩነታቸው የሚታወቀው ሲደክሙ፣ ሲሳሳቱ ወይም ሁለተኛ ሲወጡ ነው።

ይህን ልዩነት በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ለማየት ማሪ ኩሪን መርጠናል። ስሟን ከሁለት የኖቤል ሽልማቶቿ ጋር አያይዘን እናውቀዋለን። ከስሟ ጀርባ ግን ለእናቶች፣ ለእህቶችና ለአስተማሪዎች የሚሆን ብዙ ነገር አለ። ሁለቱም ዓይነት ፍላጎት በእሷ ውስጥ ነበርና። (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሜዳሊያው ማግስት

ማሪያ ስክሎዶፍስካ በኖቬምበር 7 ቀን 1867 በዋርሶ ተወለደች። ለአምስት ልጆች የመጨረሻዋ ነበረች። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ አስተማሪ፣ እናቷ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዋርሶ በዚያ ጊዜ በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ በፖላንድኛ እንዳይማሩ ተከልክሎ ነበር። አባቷ በአገር ወዳድነታቸው ሥራቸው ላይ ችግር ስለመጣባቸው ኑሮ ለመደጎም ተማሪዎችን በቤታቸው አከራይተው ያኖሩ ነበር። ታላቅ እህቷ ዞፊያ ከነዚሁ ተማሪዎች በተጋባ የተስቦ በሽታ ሞተች። ማሪያ የ10 ዓመት ልጅ ሳለች ደግሞ እናቷ በሳንባ ነቀርሳ አረፉ።

ይህች ኀዘንተኛ ልጅ በክፍሏ ከሁሉም ትበልጥ ነበር። በመሆኑም የሩሲያ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር አስተማሪዎቹ የሚያስነሱት እሷን ነበር። ልጆቹ የፖላንድ ታሪክ መጽሐፋቸውን በችኮላ ይደብቃሉ፤ ማሪያ ተነስታ በጥሩ ሩሲያኛ የነገሥታቱን ስም ትደረድራለች። አንድም አትሳሳትም። ተቆጣጣሪው ረክቶ ሲወጣ ግን ልቅሶዋ ይመጣ ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዚህች ልጅ አለመሳሳት መላ ትምህርት ቤቱን የሚያድን ሆኖ ነበር። በእኛም ሰፈር የመላ ቤተሰቡ ተስፋ ትከሻዋ ላይ የተጫነባት ልጅ አትጠፋም። ልጅቱ ጎበዝ ስለሆነች ሸክሙ አይታይም፤ ሸክም መሆኑ ግን አይቀርም።

በጁን 1883 ማሪያ ገና በ15 ዓመቷ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በወርቅ ሜዳሊያ ጨረሰች። ከሜዳሊያው በኋላ የመጣው ደስታ አልነበረም፤ ጉልበቷ ተሟጥጦ ወደቀች። በዚህ ጊዜ አባቷ ያደረጉት ነገር በእኛ ዓይን ከሜዳሊያው ይበልጣል። ወደ ሌላ ውድድር አልገፏትም። በገጠር ወደሚኖሩ ዘመዶቿ ላኳትና አንድ ዓመት ያህል አረፈች። ልብ ወለድ አነበበች፣ ወንዝ ዳር ተጫወተች፣ በክረምት በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ከመንደር መንደር እየዞረች ስትጨፍር አደረች። አልጀብራና ጂኦሜትሪን እርግፍ አድርጋ ተወቻቸው። ትምህርት ወዳዱ አባት ስለዚያ ዓመት አልተቆጩም፤ ልጅቱም ከዚያ ዓመት በኋላ አልሰነፈችም።

የሁለት እህትማማቾች እቁብ

የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። ማሪያና ታላቅ እህቷ ብሮኒያ ቤት እየቀያየረ በድብቅ የሚሰጥ ትምህርት ተከታተሉ። ብሮኒያ ሐኪም ለመሆን፣ ማሪያ ሳይንስ ለመማር ይመኙ ነበር፤ ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ግን በቤት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ እህትማማቾች እኛ ሁላችን የምናውቀውን ዘዴ ተጠቀሙ። በእኛ አነጋገር እቁብ ገቡ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዕጣ ለብሮኒያ ወጣ። እሷ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና ስትማር ማሪያ ሠርታ ትልክላታለች፤ ብሮኒያ ሥራ ስትይዝ ደግሞ ማሪያን ታስተምራለች።

ማሪያ በ1886 መጀመሪያ ገጠር ወደሚኖር ባለጸጋ ቤተሰብ ሄዳ የልጆች አስተማሪ ሆነች። እዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቆየች። የቤቱን የበኩር ልጅ ወደደችው፤ እሱም ወደዳት፤ ወላጆቹ ግን ደሃ የቤት ውስጥ አስተማሪ አናገባም አሉ። ብሮኒያ ገንዘቡን ትጠብቃለችና ማሪያ ውርደቷን ችላ በዚያው ቤት ሥራዋን ቀጠለች። ማታ ማታ ብቻዋን ፊዚክስና ሒሳብ ታጠና ነበር፤ በትርፍ ጊዜዋም የመንደሩን የገበሬ ልጆች በፖላንድኛ ማንበብና መጻፍ ታስተምር ነበር፤ ይህ ቢታወቅ የሚያስቀጣ ሥራ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ውጤት የሚሰጣት አስተማሪ አልነበረም። የሚያጨበጭብም፣ ሜዳሊያም አልነበረም። ሆኖም የሳይንስ ፍቅሯ ሥር የሰደደው በዚያ ቤት ነው ብለን እናምናለን። ተቆጣጣሪው ፊት ቆማ የምታነበንበው ልጅና ሌሊት በመብራት ብቻዋን የምታጠናዋ ወጣት አንድ ሰው ናቸው፤ የሚያተጋቸው ነገር ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያዋ እንዳትሳሳት ትጠነቀቃለች፤ ሁለተኛዋ ለማወቅ ትጓጓለች።

ብሮኒያ ተራዋን አልረሳችም። በ1890 ነይ ብላ ጻፈችላት። ማሪያ ግን ወዲያው አልተነሳችም። ዓመታት አልፈው ተስፋዋ ቀዝቅዞ ነበር፤ አባቷን ትታ መሄድም ከበዳት። ፓሪስ የገባችው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ1891 መገባደጃ ላይ ነው።

ሁለተኛ መውጣት

ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በዋርሶ የበቃ የመሰላት ፈረንሳይኛዋም ሒሳቧም ከሌሎቹ ወደ ኋላ መቅረቱን አየች። በአገሯ አንደኛ ለነበረች ተማሪ ይህ ከባድ ቀን ነው። ከትንሽ ትምህርት ቤት ወደ ትልቅ የሚዛወሩ ልጆቻችንም የሚደርስባቸው ይኸው ነው፤ አንዳንዶቹ እዚያው ላይ ይሰበራሉ። ማሪያ ክፍተቷን ቆጥራ መሙላት ጀመረች።

ሌላ ችግር ግን አብሮ መጣ። ለማጥናት እንዲመቻት ከእህቷ ቤት ወጥታ ጣሪያ ሥር ያለች ትንሽ ክፍል ተከራየች። ክረምቱ ብርቱ ነበር፤ ከሰል ያልቅባታል። ምግብ ማብሰል ጊዜ ማባከን መሰላት። ዳቦና ሻይ፣ አንዳንዴም ጥቂት አትክልትና ፍራፍሬ ቀምሳ ትውል ነበር። አንድ ቀን በጓደኛዋ ፊት ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪም የነበረው የብሮኒያ ባል መጥቶ ሲጠይቃት ምን ያህል ምግብ እንደቀነሰች አወቀ። ይዟት ወደ ቤቱ ሄደ፤ እህቷም ሥጋ እያበላች፣ በጊዜ እያስተኛች አጠናከረቻት። ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ወደ ጣሪያ ሥር ክፍሏ ተመልሳ እንደ ቀድሞው ሆነች። ፈተና በደረሰ ጊዜ ምግብና እንቅልፍ የሚረሱ ልጆች ያሏት እናት ይህን ታሪክ ሳትነገር ታውቀዋለች።

በ1893 በፊዚክስ ዲግሪዋን ከሁሉም አንደኛ ሆና አገኘች። በቀጣዩ ዓመት በሒሳብ ሁለተኛ ወጣች። ሁለተኛ በመውጣቷ የቀረባት ነገር የለም፤ ወደ ሥራዋ ሄደች። ለሁለተኛው ዲግሪ የረዳት ለፖላንድ ተማሪዎች የሚሰጥ የ600 ሩብል የትምህርት ድጎማ ነበር። ማንም መልሺ ሳይላት ገና ከመጀመሪያ ገቢዋ አጠራቅማ መለሰችው፤ ሌላ ደሃ ተማሪ እንዲማርበት ብላ። ማኅበራችንን ለምትደግፉ ወዳጆቻችን ይህን ሳንነግራችሁ ማለፍ አልወደድንም።

በ1894 ፒየር ኩሪን ተዋወቀች፤ በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ። ፒየር ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም ነበር። አእምሮው ዝግ ብሎ የሚያስብ፣ ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላ በቶሎ የማይዘል ልጅ ስለነበር ወላጆቹ በቤት አስተማሩት። ሳይጣደፍ ያደገው ልጅ በ18 ዓመቱ የሳይንስ ዲግሪ ነበረው። ለማዕረግና ለኒሻን ግድ አልነበረውም። ማሪ ባሏን ስትመርጥ ያገኘችው ማንም ሳይወዳደረው ጠንክሮ የሚሠራ ሰው ነው።

ጥንቃቄ የሚገባበትና የማይገባበት

ማሪ በሠርጓ ዕለት የለበሰችው በኋላም ቤተ ሙከራ ልትለብሰው የምትችለውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ልብስ ነበር። የባሏ ወላጆች የቤት ዕቃ እንስጣችሁ ሲሉ አልተቀበለችም፤ ዕቃ በበዛ ቁጥር የሚጠረገው አቧራ ይበዛልና። ቤቷ ንጹሕ ግን ባዶ ነበር። በሰኔዎቹ ድግስና በእንግዳ ብዛት ለምንደክም እኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁሉን ነገር እኩል እንከን አልባ ላድርግ አላለችም፤ መርጣለች።

የመረጠችው ቦታ ላይ ግን አንዳች አልቀነሰችም። በ1898 ከፒየር ጋር ፖሎኒየምና ራዲየም የተባሉ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን አስታወቁ። የኬሚስትሪ ሰዎች ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ የአቶም ክብደቱ ተለክቶ ካላየን አናምንም የሚሉ ነበሩ። ፒየር የጨረሩን ጠባይ በማጥናት ቢቀጥሉ ይወድ ነበር፤ ማሪ ግን ሳንለየው አናርፍም አለች። ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ከቦሄሚያ የመጣ በቶን የሚቆጠር የማዕድን ዝቃጭ አቀለጠች፣ አጣራች። በአንድ ጊዜ እስከ 20 ኪሎ የሚደርሰውን የፈላ ዝቃጭ ቁመቷን በሚያህል ብረት ታማስል ነበር። ወደ አራት ዓመት ከሚጠጋ ድካም በኋላ በ1902 ያገኘችው የግራም አንድ አሥረኛ ነው። የአቶም ክብደቱን 225 ብላ አሳተመች። ዛሬ የሚታወቀው ቁጥር 226 ነው። ሥራው እንዲታመን የሚያስፈልገው ትክክለኛነት ላይ ደርሳ ነበርና ፍጹሙን ቁጥር እስካገኝ ልደብቀው አላለችም፤ በኋላም ተመልሳ አሻሻለችው። ጤናማ ጥራት ማለት ይህ ነው።

ጤናማ ያልሆነውም አልጠፋም። በ1903 የዶክትሬት ዲግሪዋን በተቀበለችበት ወቅት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በዚያው በጋ ጽንሱ ወረደ። ከሥራ አለመቆጠቧን ራሷ ምክንያት አድርጋ እጅግ አዘነች። በዚያው ዓመት ከፒየርና ከአንሪ ቤክሬል ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሲሰጣት ስቶክሆልም ለመሄድ አቅም አልነበራትም። በ1906 ፒየር በፈረስ ጋሪ ተገጭቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር እሱ ያስተምርበት በነበረው የሶርቦን አዳራሽ ገብታ፣ ስለ ራሷ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ትምህርቱን እሱ ካቆመበት ዐረፍተ ነገር ቀጠለች። በሶርቦን ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1911 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተወዳድራ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች፤ ከዚያ በኋላ ተወዳድራ አታውቅም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋዜጦች የግል ሕይወቷን አደባባይ አውጥተው እያዋከቧት ሁለተኛውን፣ የኬሚስትሪ ኖቤሏን ተቀበለች። ወዲያው ታማ ሆስፒታል ገባች፤ ቀጣዩን ዓመት አብዛኛውን በሕመም አሳለፈችው። ከ15 ዓመቷ ሜዳሊያ በኋላ የሆነው ነገር በ44 ዓመቷ ተደገመ።

ለልጆቿ ያደረገችው

ሴት ልጆቿን አይሪንንና ኤቭን ያሳደገችበት መንገድ የተማረችውን ያሳያል። አይሪን ለትምህርት ስትደርስ ማሪ የዚያ ዘመን ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከልክ በላይ ያስቀምጣሉ ብላ ታምን ነበር። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተስማምታ ወላጆች በተራ የሚያስተምሩበት የኅብረት ትምህርት አቋቋሙ። ሁለት ዓመት ያህል አሥር የሚሆኑ ልጆች ኬሚስትሪን ከዣን ፔራን፣ ሒሳብን ከፖል ላንዥቨን፣ ፊዚክስን ከማሪ ተማሩ። በቀን የሚሰጠው አንድ ትምህርት ነበር። ልጆቹ የብስክሌት ኩሽኔታ ኳሶችን ቀለም ነክረው በዘንባላ ሰሌዳ ላይ እየለቀቁ የመውደቅን ሕግ በዓይናቸው አዩ። እጃቸው ይቆሽሽ ነበር፤ ይሳሳቱም ነበር። የቀረው ጊዜ ለስፖርት፣ ለአትክልት ሥራ፣ ለስፌትና ለጨዋታ ነበር። ያቺ አይሪን አድጋ ከባሏ ከፍሬደሪክ ጆልዮ ጋር በ1935 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመች። ኤቭ ለሳይንስ አላዘነበለችም፤ ሙዚቃና ጽሑፍ መረጠች፤ እናቷም እንደ ራሷ ካልሆንሽ አላለቻትም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማሪ የኤክስሬይ መሣሪያ የጫኑ 20 ያህል መኪናዎች አሠማራች፤ 200 ያህል ቋሚ ጣቢያዎችም አቋቋመች። መኪና መንዳት ራሷ ተማረች። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት አይሪን አብራት ሠራች። ባለሙያ ስላልነበረ ማሪ 150 ያህል ሴቶችን በአጭር ኮርስ አሠለጠነች። ከነዚህ መካከል ብዙ ያልተማሩም ነበሩ። ሁሉን እስኪያውቁ አልጠበቀችም፤ ቁስለኛው አይጠብቅምና። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ቁስለኞች በዚህ አገልግሎት ተመረመሩ።

በ1921 የአሜሪካ ሴቶች አብዛኛው ትንሽ ትንሽ ከሆነ መዋጮ 100,000 ዶላር አሰባስበው አንድ ግራም ራዲየም ሰጧት፤ ራዲየምን ያገኘችው ሴት ለምርምር የሚሆን መግዣ አልነበራትምና። ከሥነ ሥርዓቱ በፊት በነበረው ምሽት የስጦታውን ሰነድ አንብባ፣ ስጦታው ለእሷ ሳይሆን ለቤተ ሙከራው እንዲሆን ካልታረመ አልቀበልም ብላ በዚያው ሌሊት አስለወጠች። እዚህ ላይ አንዲት ቃል እንኳ ትክክል መሆን ነበረባት። በ1929 ሁለተኛ ግራም ተሰጣት፤ እሱንም በዋርሶ ለተቋቋመው የራዲየም ተቋም አዋለችው። የተቋሙ ኃላፊ ብሮኒያ ነበረች። የልጅነታቸው እቁብ እስከዚያ ድረስ ዘለቀ ማለት ነው።

ማሪ በጁላይ 4 ቀን 1934 በ66 ዓመቷ መቅኒዋ ደም ማምረት ስላቃተው አረፈች፤ ለብዙ ዓመታት የተጋለጠችበት ጨረር እንዳመጣው ይታመናል። በሥራዋ ላይ የነበራትን ጥንቃቄ ለሰውነቷ አልሰጠችውም።

ከዚህ ሕይወት ለቤታችንና ለማኅበራችን አራት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ ጎበዟ ልጅ ስትደክም እረፍት ሽልማት ወይም ስንፍና ሳይሆን እንደ ምግብ የሚያስፈልጋት ነገር ነው፤ የማሪያ አባት አንድ ዓመት ሰጥተዋታል። ሁለተኛ፣ ስትንትን አገኘሽ ከማለታችን በፊት ምን ደስ አለሽ ብለን እንጠይቃት። ሦስተኛ፣ የት ቦታ መጠንቀቅ፣ የት ቦታ ማላላት እንደሚገባት አብረናት እንለይ፤ የምርጫ ፈተና ቅጽ ስትሞላ ስህተት አይገባም፣ የቤት ሥራ ደብተር ላይ ግን ስርዝ ቢኖር ምንም አይደለም። አራተኛ፣ ብቻዋን አንተዋት። ማሪያን ከወደቀችበት ያነሷት ማዕረጎቿ አልነበሩም፤ አባቷና እህቷ እንዲሁም ሥጋ ያለበት ወጥ ናቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ትምህርት ለከበዳቸው ልጆች ስንመክር አንደኛ የምትወጣዋንም ስም አብረን እንድናነሳ እንጠይቃለን። ምናልባት የሚያስፈልጋት አስጠኚ አይደለም፤ ደህና ነሽ ወይ የሚላት ሰው ነው።